ዳቦ ቤት የተጋገረው ሞተር

እመኑኝ ጥርሱን እየቦረሸ ሳለ ነው የእህቱ ባል ሲሸጠው በጆሮው የሰማው። የሚኖረው ከእህቱ ቤት ጀርባ በተቀጠለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ የሚሠራውም እዚያው ግቢ ባለው የእህቱ ባል ቶርኖ ቤት፣ ሞተር በመላግ ነው። ክፍሏን ከባልና ሚስቱ መኝታ ቤት የሚለያት ነገር ግድግዳ ይባል እንጂ ቺፑድ ነው፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሲያስነጥስ ወዲህ ማዶ ያለው አፍንጫውን ይጠርጋል። የእህቱ ባል ስልክ እያወራ ነበር። «አይዞህ፣ የሞተሩ ካሚቻዎች አራቱም እዚሁ አልጋዬ ስር ናቸው፤ ከነካርቶናቸው። ማታ ና ውሰዳቸው» አለ። ትንሽ አዳመጠና ሳቀ። «ለሷማ ትናንት ገብተዋል ብያታለሁ። አፉ ላይ ቀለበት ጣል አድርገን ውስጡን እናብለጨልጭላታለን፤ ጥርስ ሐኪም ስለ ሞተር ምን ታውቃለች! ቢሰነጠቅስ? ቢሰነጠቅማ የሞተሩ ብሎክ ላይ የሚመታው የሚስቴ ወንድም ምልክት ነው። እሱን ደግሞ ማን ያምነዋል?»

እመኑኝ አፉ ሙሉ አረፋ እንደያዘ ቆመ። መትፋቱን ረሳና ዋጠው።

እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው። ወሬ በጀመረ ቁጥር «እመኑኝ» ስለሚል ሰፈሩ በዚያው አስቀረው እንጂ የሚያምነው እንኳ አንድ ሰው የለም። በእሱ አፍ፣ አንድ ጊዜ የላገው ሲሊንደር ከመለስለሱ የተነሳ ዝንብ አርፋበት ተንሸራታ ወገቧ ተሰብሯል፤ እሱም ወጌሻ ሆኖ አሽቶ አድኗታል፤ እሷም ውለታውን አልረሳችም፣ እስከ ዛሬ በምሳ ሰዓት እየመጣች ትጠይቀዋለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ያደሰው የጭነት መኪና ጉልበቱ ከመብዛቱ የተነሳ ሾፌሩ ሳይሳፈር ሄዶ፣ ጭነቱን አራግፎ፣ ደረሰኝ አስፈርሞ ተመልሷል። እንዲህ ያለ ሰው ነው። ነገር ግን በሃያ ሁለት ዓመት የቶርኖ ሥራው ምላሱ ዋሽቶ ይሆናል እንጂ እጁ ዋሽቶ አያውቅም። መለኪያው ያላለውን ቁጥር አንድም ቀን ጽፎ አያውቅም፤ ከመላጊያው የሚወጣ ብሎክ ሁሉ ጥጉ ላይ የተከፈተች ዓይን የምትመስል ምልክት በብረት ማህተም ይመታበታል። ያቺ ዓይን በሕይወቱ ያለችው ብቸኛ የታመነች ነገር ናት።

ሞተሩ የወጣበት መኪና ባለቤት ጥርስ ሐኪም ናት። አጭር ከመሆኗ የተነሳ ሁለት ትራስ ደርባ ነው የምትነዳው፤ ከኋላ ሲያዩት መኪናው ሾፌር የሌለው ይመስላል። አሮጌው መኪናዋ ላይ ቱርቦ አስገጥማበታለች። ቱርቦ ማለት ለሞተሩ አየር በግድ የሚያጎርስ ነገር ነው፤ ሞተሩ ጠገብኩ ቢለው አይሰማም። እንዲህ የሚጎርስ ሞተር ሆዱ ካልጠነከረ ይፈነዳል። ፒስተን ሽቅብ ቁልቁል የሚልበት የሲሊንደር ግድግዳ በዚያ መኪና ላይ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ስስ ነው፤ ለዚህ ነው ያንን ግድግዳ ቦርቡሮ አውጥቶ ካሚቻ የሚባለውን ወፍራም የብረት ቱቦ መክተት የሚያስፈልገው። አፉ ላይ የሚጣለው ቀለበት ለዓይን ያምራል፤ ወገቡን ግን አይይዝለትም። ሐኪሟ በየሳምንቱ ሽማግሌ አባቷን ጎኗ አስቀምጣ፣ ገደል ገደሉን በሚሄደው የተራራ መንገድ ትወጣለች። የጭነት መኪና ለመቅደም ነዳጅ በረገጠችበት ሰዓት ግድግዳው ቢሰነጠቅ፣ ውሃው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል፣ ሞተሩ ቀጥ ይላል፣ ከፊት የሚመጣው ግን ቀጥ አይልም። ከዚያ ሰዎች የተሰባበረውን ብሎክ ገልብጠው ሲያዩ ጥጉ ላይ የተከፈተች ዓይን ታያቸዋለች።

ሄዶ ሊነግራት አሰበ። ምን ብሎ? «እመኑኝ ዶክተር» ብሎ? የእህቱ ባል ግድግዳው ላይ በመስታወት የታሰረ ሰርተፍኬት አለው፤ እሱ ያለው ዝንብ ናት። ብሎኩን ይዞ ቢጠፋስ? ሌባ ይባላል። ጥርሱን መቦረሹን ትቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና አሰበ አሰበና፣ አንድ መንገድ ብቻ ታየው። ሐኪሟ ብሎኩን ልታይ አሥር ሰዓት ላይ ትመጣለች። እስከዚያ ድረስ የእህቱን ባል ውሸት እውነት ማድረግ አለበት። በውሸት የኖረ ሰው የሌላ ሰው ውሸት እንዲህ ከብዶት አያውቅም።

ባልየው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እቃ ሊያይ ወጣ። እትዬ፣ ማለትም ታላቅ እህቱ፣ በር ላይ ተቀምጣ የማንጎ ጭማቂ በጣት ቁመት ቀጫጭን ፌስታሎች ውስጥ እየሞላች ታስራለች። ስታስቀዘቅዘው ውላ ከትምህርት ቤት ለሚወጡ ልጆች ትሸጠዋለች፤ አንዷ ከከረሜላ ዋጋ አትበልጥም፤ የወጥ ቤቱን ግማሽ የያዘው ባለ ክዳን ፍሪዘርም የእሷ ነው፣ ባሏ እንኳ ሳያስፈቅዳት አይከፍተውም። እመኑኝ «መዶሻ ረስቼ ነው» ብሎ ሾልኮ ገባ። መኝታ ቤታቸው ከገባ አራት ዓመት ሆኖታል። የእህቱ ነጠላ ጫማዎች በሩ አጠገብ ተጣምረው ቆመዋል፤ የናፍታሊንና የአሮጌ ብርድ ልብስ ሽታ አለ። በሆዱ ተንፏቆ አልጋው ስር ገባና ካርቶኑን ጎተተው። ካሚቻዎቹ በዘይት ወረቀት ተጠቅልለዋል፤ የአንዷ ዋጋ ብቻ የእሱን የሁለት ወር ደመወዝ ይበልጣል። በባዶው ካርቶን ውስጥ አራት አሮጌ ጫማዎች አድርጎ መለሰው። ከዚያ ፍሪዘሩን ከፈተ፣ የማንጎ ፌስታሎቹን ገለጥ አድርጎ ካሚቻዎቹን ከታች አስተኛቸው፣ መልሶ ሸፈነ። ሲወጣ እትዬ ቀና ብላ አየችው።

«መዶሻውን አገኘኸው?»

እጁ ባዶ ነው። «የለም» አላት።

«እ» አለች፤ ወደ ፌስታሏም ተመለሰች።

መቦርቦሩ ቀልድ አልነበረም። ካሚቻዋ ከምትገባበት ጉድጓድ በፀጉር ውፍረት መብለጥ አለባት፤ ሰፍቷት በቀላሉ የገባች እንደሆነ በቀላሉ ትወጣለች። ስለዚህ ካሚቻዋን ታበርዳታለህ፣ ትኮማተራለች፤ ብሎኩን ታሞቀዋለህ፣ ይለጠጣል፤ ሁለቱ በተለያዩባት በዚያች ቅጽበት ጠብ ታደርጋታለህ። ከዚያ ሙቀትና ቅዝቃዜያቸው ሲስተካከል ተቃቅፈው ይቀራሉ። መንገድ ላይ የያዘች እንደሆነ ግን አለቀላት፤ ብሎኩም ካሚቻዋም ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ነው የሚሆኑት። እመኑኝ ይህን ሥራ በሁለት ቀን ነበር የሚሠራው። አንዱን ጉድጓድ ይቦረቡራል፣ ብሎኩ እስኪበርድ ሌላ ሥራ ይነካካል፣ ይለካል፣ እንደገና ይልጋል። ዛሬ ግን ማሽኑን አስነስቶ እንደ ሐውልት ቆመበት፤ የብረት ብናኙ ቅንድቡ ላይ ተከመረ። አንደኛውን ጨረሰ፣ ጠበቀ፣ ለካ። ሁለተኛውን ጨረሰ፣ ጠበቀ፣ ለካ። በሦስተኛው ላይ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣበቀ። አራተኛውን እንዳገባደደ ከአጥሩ ወዲያ፣ ጠዋት ምድጃውን እንዲያውሰው የለመነው ጋጋሪ ጮኸ፤ ምድጃዬ ባዶ ሆኗል፣ አሁን ካላመጣህ የከሰዓቱን ሊጥ ልከት ነው አለ። እመኑኝ መለኪያውን አራተኛው ጉድጓድ ውስጥ ሰደደው፣ ቁጥሩን አየ፣ ጥሩ ነው አለና ብሎኩን ወደ ማጠቢያው ጎተተ። ብረቱ ገና ከመላጊያው ትኩሳት አልወጣም ነበር።

ጋጋሪው ከግቢው ጎን ያለው ዳቦ ቤት ሰው ነው፤ ዱቄት ከሽፋሽፍቱ ለቆት ስለማያውቅ ሚስቱ ነጭ ፀጉር ማብቀሉን እንኳ አላወቀችም ይባላል። ብሎኩን በእጅ ጋሪ ላይ ሲያየው ሁለት እጁን በወገቡ አደረገ።

«እኔ እኮ ትሪ ነው የሚያመጣው ብዬ ነው! ይሄን ልታስጋግረኝ?»

«ታጥቧል። በሳሙና፣ ሦስት ጊዜ። ያንተ እጅ እንደዚህ ታጥቦ አያውቅም።»

«ዳቦዬ ናፍጣ ናፍጣ ቢልስ?»

«ለሾፌሮች አስወድደህ ትሸጠዋለህ።»

ጋጋሪው አንገቱን እየነቀነቀ የምድጃውን በር ከፈተ። ሁለቱ ተጋግዘው ብሎኩን ዳቦ በሚቀመጥበት ሰፊ መጥበሻ ላይ አስገቡት፤ በሩ ሲዘጋ እመኑኝ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ልጁ እስኪወለድ እንደሚጠብቅ አባት ይንቆራጠጥ ጀመር።

ሰባት ሰዓት ላይ የእህቱ ባል ለምሳ መጣ። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ጠረጴዛው ግድግዳው ጋር ስለተጣበቀ ሦስት ሰው ሲበላበት አንዱ ከሰርተፍኬቱ ስር አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፤ ያ ሁልጊዜ እመኑኝ ነው። ስለ ሙቀቱ አወሩ። ስለ ጎማ መወደድ አወሩ። ከዚያ ባልየው አፉን እየጠረገ፣ «ብሎኩ የታል? ማሽኑ ላይ አጣሁት እኮ» አለ።

እመኑኝ ከሰርተፍኬቱ ስር ቀና አለ። ውሸት ፈለገ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም አልመጣለትም። «ዳቦ ቤት ነው» አለ። «እየተጋገረ ነው።»

ባልየው አፍታ አየውና በሳቅ ፈነዳ። «አየሽው ይሄን ወንድምሽን! ሞተር አስጋገረልን! አብስሎ ሲያወጣው ከሻይ ጋር ያቀርብልን ይሆናል» እያለ ጠረጴዛውን መታ። እትዬ አልሳቀችም። እመኑኝም አልሳቀም። ባልየው ዓይኑን እየጠረገ ተነሳ። «ውይ፣ ሞቀኝ ደግሞ። እስቲ አንድ በረዶ» አለና ወደ ወጥ ቤት አመራ።

እመኑኝ ማንኪያውን እንደያዘ ደረቀ። የፍሪዘሩ ክዳን ሲነሳ የምታሰማት የጎማ ድምፅ አለች፤ እሷን ጠበቀ። ያቺ ድምፅ ግማሽ ላይ ተሰማችና ወዲያው ጧ ብላ ተመለሰች። ዘወር ሲል እትዬ መዳፏን ክዳኑ ላይ ጭናለች።

«እጅህ ግሪስ ነው» አለችው ባሏን። «የልጆች ነገር ነው። እኔ አወጣልሃለሁ።»

ክዳኑን በጠባቡ ከፈት አድርጋ፣ እጇን እስከ ክንዷ ሰዳ፣ አንዲት ፌስታል አወጣች። ክንዷ ላይ የዘይት ጭረት ነበር፤ የካሚቻው ዘይት። በቀሚሷ ጠረገችውና ለባሏ ማንጎውን ሰጠችው። እመኑኝን አላየችውም። እሱ ግን አያት፤ ጠዋትም ስልኩ ሲወራ እዚያው አልጋ ላይ ነበረች ለካ። ባልየው በረዶውን መጥጦ ጨረሰ። ከዚያ ጥቂት ልረፍ ብሎ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ። አልጋው ሲጮህ ተሰማ። አልጋው ስር ግን አላየም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጋጋሪው በፉጨት ጠራ። ብሎኩን በዳቦ ጋሪ ላይ አድርገው፣ በእርጥብ ጆንያ ይዘው፣ እያዋከቡ ወደ ግቢው አስገቡት። ሙቀቱ ፊት ይገርፋል፤ ምራቅ ቢተፉበት ሳያርፍ ይተናል። እመኑኝ በወፍራም ጓንት የመጀመሪያዋን ካሚቻ ከፍሪዘሩ አወጣ፤ ነጭ ውርጭ ለብሳለች። ትንፋሹን ያዘ። ቀጥ አድርጎ ጉድጓዱ አፍ ላይ ያዛትና ለቀቃት፤ ጠብ አለች፣ መጨረሻ ላይ ቆማ ደወል የመሰለ ድምፅ ሰጠች። ሁለተኛዋ፣ ጠብ። ልክ ያኔ የግቢው በር ተከፈተና ጥርስ ሐኪሟ ሰዓቷ ሳይደርስ ትራሶቿን በብብቷ ይዛ ገባች፤ ተውሳ የመጣችበት መኪና ድምፅ የቀሰቀሰው ባልም ከነካልሲው በረንዳው ላይ ብቅ አለ። እመኑኝ አየ፤ ማቆም ግን አይቻልም፤ ብሎኩ በየሰከንዱ እየበረደ ነው። ሦስተኛዋ፣ ጠብ።

አራተኛዋ ሁለት ጣት ሲቀራት ቆመች።

በእንጨት መታት። አልነቃነቅ አለች። ያኔ ገባው። አራተኛውን ጉድጓድ በትኩሱ ነበር የለካው፤ ሲበርድ ጠብቧል። የትኛውም ጀማሪ የማይሠራውን ስህተት፣ እሱ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራው ሠራው። «እት...» ብሎ አፉን ከፈተ፤ ቃሉን ሳይጨርስ እትዬ የማንጎ ፌስታሎቿን በሳፋ ሞልታ ከጎኑ ተንበርክካለች። የጠነከሩትን እንዳሉ ካሚቻዋ ሆድ ውስጥ እያስገባች ትጠቀጥቅ ጀመር፤ አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ። የልጆቹ የከሰዓት በረዶ በሙሉ እዚያ ገባ። ጣቶቿ ብርዱ በልቷቸው ቀሉ።

«ቁጠር!» አለው እመኑኝ ጋጋሪውን።

«ስንት?»

«እኔ እስክመታ!»

ጋጋሪው ዳቦ እንደሚቆጥር ሁለት ሁለት እያደረገ ቆጠረ። ካሚቻዋ ከውስጥ ነጭ ላብ አወጣች። ሃያ ስድስት ላይ እመኑኝ እንጨቱን አስቀምጦ በመዶሻ አንድ ጊዜ፣ በሙሉ ክንዱ መታ። ደወሉ ጮኸ። ከታች የፈነዳ ማንጎ እየተንዠቀዠቀ ወጥቶ የባልየውን ካልሲ አራሰው።

 ሐኪሟ ብሎኩ ላይ ጎንበስ ብላ አራቱን ጉድጓድ አንድ በአንድ፣ አፍ እንደምትመረምር አየቻቸው። ከዚያ ወደ ባልየው ዞረች።

«ትናንት ገብተዋል ብለውኝ አልነበር?»

«እሱማ... ይሄ የመጨረሻው ፍተሻ ነው፣ ዶክተር» አለ ባልየው።

«ፍተሻ በማንጎ?»

ባልየው እመኑኝን አየው። ጋጋሪውም አየው። እትዬ ብቻ መሬት መሬት ታያለች፤ የቀሉ ጣቶቿን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣለች። እመኑኝ እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ፤ ባልየውን ከእግሩ የሚያነሳ እውነት ነው፣ ግን እዚያው ቤት የምትቀረው እህቱ ናት። ላቡን ጠረገ።

«እመኑኝ ዶክተር፣ ትናንት ገብተው ነበር። ሌሊት ምን እንደነካቸው እንጃ፣ በርዷቸው መሰለኝ፣ ተነስተው ወጡ። ጠዋት ስፈልጋቸው ስፈልጋቸው፣ ጋሼ አልጋ ስር ብርድ ልብስ ለብሰው ተኝተው አላገኛቸውም መሰልዎት!»

ጋጋሪው ሳቁን በዱቄታም እጁ አፈነው። ባልየውም ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ ግን ዘግይቶ መጣና የሚቀበለው አጣ። ሐኪሟ አልሳቀችም። ዓይኗ ከእመኑኝ ወደ ባልየው፣ ከባልየው ወደ እትዬ ሄዶ ተመለሰ።

«አሁን ቀልዱን ልተወው» አለ እመኑኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አራተኛውን ሳይበርድ ለካሁት። ጥፋቱ የኔ ነው። በርዶ ስለካው ከተጣመመ አወጣዋለሁ፤ ሳልለካ ይሄ ሞተር አይገጠምም።»

«አይስሙት ዶክተር!» አለ ባልየው ፈጠን ብሎ። «ሲቀባጥር ነው የሚውለው፣ ሰፈሩ ያውቀዋል፤ ምንም አልሆነም።»

«ጥርስም እንደዚሁ ነው» አለች ሐኪሟ። «ግድግዳው ከሳሳ ከላይ ቢያብለጨልጩት አይድንም። ይለኩት፣ እጠብቃለሁ።»

ሁለቱን ትራሶቿን የቶርኖ ቤቱ ደፍ ላይ ደርባ ተቀመጠችባቸው። ብሎኩ እስኪበርድ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። እትዬ ለመጡት ልጆች ዛሬ የለም፣ መኪና በላው እያለች ስትመልሳቸው ይሰማል። ፀሐይዋ ከአጥሩ ስትወርድ እመኑኝ መዳፉን ብሎኩ ላይ አሳርፎ ቆየ፤ ከሱ ገላ ጋር እኩል ሲሆንለት መለኪያውን አራተኛው ጉድጓድ ውስጥ ከላይ፣ ከመሀል፣ ከታች፣ በቁምና በአግድም ሰደደው። ከዚያ እንደገና። ሐኪሟ ጎኑ ቆማለች፤ ባልየው ራቅ ብሎ።

«ጠብቋል» አለ። «ግን ክብ ነው። ውስጡን ሲላግ ልኩን ይይዛል።» መለኪያውን አዙሮ አሳያት፤ በቃሉ ብቻ እንድትቀበለው አልፈለገም። እሷም ቁጥሩን አነበበች። ያን ጊዜ ማህተሙን ከኪሱ አውጥቶ ጥጉ ላይ አንድ ጊዜ መታ። የማህተሟ ዓይን ተከፈተች።

«የእርስዎስ ምልክት?» አለች ሐኪሟ ወደ ባልየው ዞራ።

«እኔ... ምልክት የለኝም። እሱ ነው የሚመታው ሁልጊዜ።»

«ሞተሩን ልወስድ ስመጣ ጎን ለጎን ሁለት ምልክት ማየት እፈልጋለሁ። የራስዎን ያሠሩ» አለችና ትራሶቿን አንስታ ወጣች።

እራት ላይ ስለ ሙቀቱም ስለ ጎማም አልተወራም። እመኑኝ ሳህኑን ይዞ ወደ ክፍሉ ገባ፤ አልጋው ላይ ጋደም ሲል ትራሱ አጠገብ አንዲት የቀዘቀዘች የማንጎ ፌስታል አገኘ፤ ከሳፋው የተረፈችው እሷ ብቻ ነበረች። ጫፏን በጥርሱ ቀዶ መምጠጥ ሲጀምር ከግድግዳው ወዲያ ስልክ ጠራ፤ ማታ ና የተባለው ገዢ መሆን አለበት። የአልጋው ድምፅ ተሰማ፤ ካርቶን ተጎተተ፣ ተከፈተ፤ የጫማ ኳኳታ ተከተለ። ስልኩ መጥራቱን አላቆመም። በመጨረሻ የባልየው ድምፅ መጣ፤ ሹክሹክታ ነበር፣ ቃሉ ቺፑዱን እንኳ አላለፈም። እመኑኝ መምጠጡን አቁሞ ጆሮውን አቀና።

የመጣለት የእህቱ ድምፅ ነው። ጩኸት አልነበረም፤ ልጆችን በረዶ አልቋል የምትልበት ያው የሁልጊዜ ድምጿ ነበር።

«ጮክ ብለህ ንገረው እንጂ» አለችው። «ወንድሜ አልተኛም።»